ኮድ ሳይጽፉ መተግበሪያ መገንባት፦ ሥራ ሲያድግ የሚሸከም ፕላትፎርም እንዴት ይመረጣል?

በኢትዮጵያ የገጠር ቀበሌዎች ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነፍሰ ጡሮችን፣ ክትባት ያልጨረሱ ሕፃናትንና የየቤተሰቡን የጤና ሁኔታ የሚመዘግቡበት የታብሌት መተግበሪያ አለ። ቀድሞ በወረቀት ይያዝ የነበረውን የቤተሰብ ፎልደር ወደ ዲጂታል የለወጠው ይህ ሥርዓት በፕሮግራመሮች ከባዶ የተጻፈ አይደለም። የአሜሪካው ዲማጂ ኩባንያ ባዘጋጀው ‘ኮምኬር’ በተሰኘ ፕላትፎርም ላይ ቅጾችን፣ ጥያቄዎችንና ደንቦችን በማደራጀት የተገነባ ነው።

በጎረቤት ኬንያም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። የአገሪቱ መንግሥት በአውሮፓውያኑ መስከረም 2023 ወደ 100 ሺህ ለሚጠጉ የማኅበረሰብ ጤና አገልጋዮች የሥራ መሣሪያና ስልክ ማከፋፈል ሲጀምር፣ በስልኮቹ ላይ የተጫነው መተግበሪያ ‘ኮሚዩኒቲ ኸልዝ ቱልኪት’ በሚባል ክፍት ማዕቀፍ ላይ የተዋቀረ ነበር። ቅጾቹ የሚዘጋጁት በአመዛኙ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ነው።

ኮድ ሳይጻፍ፣ ወይም በጥቂት ኮድ፣ የሚሠራ መተግበሪያ ለሙከራና ለአነስተኛ ሱቅ ብቻ ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ በእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ፊት አይቆምም። በሌላ በኩል በዚሁ ቀጠና በአንድ ሳምንት ውስጥ መተግበሪያ ሠርተው፣ ደንበኛ ሲበዛባቸው ግን ሁሉንም ጥለው ከባዶ ለመጀመር የሚገደዱ ጥቂት አይደሉም። የልዩነቱ ዋና ምንጭ የሠሪው ችሎታ ብቻ አይደለም። ፕላትፎርሙ በተመረጠበት ዕለት የተጠየቁትና ሳይጠየቁ የቀሩት ጥያቄዎች ናቸው።

ኮድ አልባ ማለት ምን ማለት ነው?

‘ኖ-ኮድ’ ወይም ኮድ አልባ የሚባሉት ፕላትፎርሞች ተጠቃሚው ቁልፎችን፣ የጽሑፍ ሳጥኖችንና ሠንጠረዦችን በማውስ እየጎተተ በማስቀመጥ መተግበሪያ እንዲሠራ ያስችሉታል። ‘ሎው-ኮድ’ የሚባሉት ደግሞ አብዛኛውን ሥራ በዚያው መንገድ ካከናወኑ በኋላ አስቸጋሪውን ክፍል ባለሙያ በኮድ እንዲጨርሰው በር ይከፍታሉ። በተግባር ድንበሩ የደበዘዘ ነው፤ ሻጮቹም ገበያውን እያዩ መጠሪያቸውን ይቀያይራሉ። በመሆኑም ስሙ ላይ ከመከራከር ይልቅ ‘ፕላትፎርሙ የማይችለው ነገር በገጠመ ጊዜ ምን ይደረጋል?’ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የፖርቹጋሉ አውትሲስተምስ በ2001፣ ከኔዘርላንድስ የተነሣውና ኋላ የጀርመኑ ሲመንስ በ2018 የገዛው ሜንዲክስ በ2005 ተመሥርተዋል። ሁለቱም ለባንኮች፣ ለመድን ድርጅቶችና ለፋብሪካዎች የሚሸጡ ውድ አገልግሎቶች ናቸው። በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ የተመሠረተው ባብል በጀማሪ ድርጅቶች ዘንድ ይታወቃል፤ ማይክሮሶፍት ፓወር አፕስ እና ጎግል በ2020 የገዛው አፕሺት በአብዛኛው ለመሥሪያ ቤቶች የውስጥ ሥራ ይውላሉ። የቀድሞ የጎግል መሐንዲሶች በሆኑት አቤል መንግሥቱና አሌክስ ግሪቭስ የተመሠረተው ፍለተርፍሎው ደግሞ ለአንድሮይድና ለአይፎን ስልኮች የሚሆኑ መተግበሪያዎችን ለመገንባት የሚመረጥ ነው።

ከእነዚህ ጎን ለጎን በማስታወቂያ ብዙም የማይታዩ፣ በአፍሪካ ግን እጅግ የተስፋፉ ፕላትፎርሞች አሉ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ2008 የተጀመረው ኦዲኬ፣ ከእርሱ የተወለደው ኮቦ ቱልቦክስ፣ እንዲሁም ሥሩ በ1990ዎቹ ደቡብ አፍሪካ የሆነውና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ2 ይጠቀሳሉ። ኬንያ ዲኤችአይኤስ2ን በ2011 በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውላዋለች፤ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ኢትዮጵያም ተከትለዋል። የንግድ ዓለሙ ‘ምርጥ 10’ እያለ በሚያወጣቸው ዝርዝሮች ውስጥ እነዚህ እምብዛም አይገኙም፤ ለቀጠናው አንባቢ ግን ከዝርዝሮቹ ይልቅ የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው።

አምስት ተጠቃሚ ሲኖር ሁሉም ፈጣን ነው

‘ሥራው ሲያድግ የሚሸከም’ የሚለው አባባል ብዙውን ጊዜ የሚተረጎመው በተጠቃሚ ብዛት ነው። ይሁን እንጂ መተግበሪያዎች መጀመሪያ የሚሰናከሉት በተጠቃሚ ሳይሆን በመዝገብ ብዛት ነው። ሃያ ሠራተኞች ብቻ ያሉት መጋዘን በዓመት ውስጥ መቶ ሺህ የገቢና የወጪ መዝገብ ሊያከማች ይችላል።

እዚህ ላይ አደገኛው ነገር መዘግየት ሳይሆን ዝም ያለ ስህተት ነው። የማይክሮሶፍት ፓወር አፕስን እንውሰድ። ስሌቱ ወይም ፍለጋው ወደ መረጃ ቋቱ ተልኮ እዚያው መከናወን የማይችል ዓይነት ከሆነ፣ መተግበሪያው በነባሪ ቅንብሩ የመጀመሪያዎቹን 500 መዝገቦች ብቻ አምጥቶ በእነርሱ ላይ ይሠራል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ጣሪያው ግን 2,000 ነው። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቀማጩን በሼርፖይንት ዝርዝር ላይ መዝግቦ ጠቅላላ ድምሩን መተግበሪያው እንዲያወጣለት ቢያዝዝ፣ መዝገቦቹ 500 እስኪደርሱ ድረስ ውጤቱ ትክክል ይሆናል። በ501ኛው ላይ ድምሩ መጉደል ይጀምራል። ማስጠንቀቂያው የሚታየው መተግበሪያውን ለሚገነባው ሰው እንጂ በየዕለቱ ለሚጠቀመው ገንዘብ ያዥ አይደለም።

እንዲህ ያለው ነገር ድሃ አገር ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳልሆነ የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ያውቁታል። በ2020 በኮሮናቫይረስ ወረርሽኝ ወቅት 15,841 በቫይረሱ መያዛቸው የተረጋገጠ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ቀርተው ነበር። መንስኤው ቀላል ነው፦ የላቦራቶሪ ውጤቶቹ የተገለበጡበት አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም፤ የተረፈው ተቆርጦ ቀረ። ከታማሚዎቹ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ማፈላለጉም በዚያው ልክ ዘገየ።

ስለዚህ አንድ ፕላትፎርም ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ መረጃው የት እንደሚቀመጥ ነው። ሠንጠረዥን፣ ማለትም ጎግል ሺትን ወይም ኤክሴልን፣ እንደ መረጃ ቋት የሚጠቀሙ ፕላትፎርሞች ለጥቂት ሺህ መዝገቦች ይበቃሉ። እንደ ኤርቴብል ያሉት በየክፍያ ደረጃው የመዝገብ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። ከሁሉም የሚሻለው መረጃውን እንደ ፖስትግሬስ ባለ እውነተኛ የመረጃ ቋት ውስጥ አስቀምጦ፣ ፕላትፎርሙን እንደ ፊት ገጽታ ብቻ መጠቀም ነው። አፕስሚዝ፣ ሪቱል እና ፍለተርፍሎው ይህን ይፈቅዳሉ። ፊቱ ቢቀየር መረጃው በቦታው ይቆያል። መነሻው ላይ ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል ተብሎ ለሚታሰብ ሥራ ይህን መዝለል አይመከርም።

ሂሳቡ በዶላር ሲመጣ

የዋጋ አከፋፈሉ በሁለት ትልልቅ መንገዶች ይከፈላል። አንደኛው በተጠቃሚ ቁጥር የሚሰላ ነው። አፕሺት ‘ኮር’ በሚለው ደረጃው ለአንድ ተጠቃሚ በወር 10 ዶላር ይጠይቃል። ለአምስት ሰው ቢሮ ይህ ከቡና ወጪ አይበልጥም። 300 የቡና መረካቢያ ሠራተኞች ላሉት የገበሬዎች ዩኒየን ግን በወር 3,000፣ በዓመት 36,000 ዶላር ይሆናል።

በኢትዮጵያ ይህ ቁጥር ሌላ ገጽታ አለው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመፍቀዱ በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ የአውሮፓውያኑ ዓመት ሳያልቅ ከ120 ብር አለፈ። ከላይ የተጠቀሰው ክፍያ በመጀመሪያው ተመን 2 ሚሊዮን 52 ሺህ ብር፣ በሁለተኛው 4 ሚሊዮን 320 ሺህ ብር ነው። መተግበሪያው አልተለወጠም፤ ተጠቃሚም አልተጨመረም። ገቢው በብር ለሆነ ድርጅት በተጠቃሚ ቁጥር የሚሰላ የዶላር ደንበኝነት ከሌላው ወጪ ሁሉ የበለጠ ስጋት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በአጠቃቀም መጠን የሚሰላ ነው። ባብል በ2023 ሚያዝያ ዋጋውን ‘የሥራ ጫና’ በሚለው መለኪያ ሲቀይር፣ እያንዳንዱ ፍለጋ፣ እያንዳንዱ የገጽ መከፈትና ከበስተጀርባ የሚከናወን ሥራ ሁሉ የሚቆጠር ሆነ። በተጠቃሚዎቹ ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። መለኪያው በራሱ ኢፍትሐዊ ነው ማለት አይቻልም፤ ችግሩ ልምድ የሌለው ሠሪ በአግባቡ ያልገነባው አንድ ገጽ በየሰከንዱ ሳያስፈልግ መረጃ እየፈለገ ሂሳቡን ሊያንረው መቻሉ ነው። ሠሪው ይህን የሚያውቀው ደረሰኙ ሲመጣ ነው።

ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ክፍት ምንጭ የሆኑትን ፕላትፎርሞች በራስ ወይም በተከራዩት ሰርቨር ላይ መትከል። ኦዲኬ፣ ዲኤችአይኤስ2፣ አፕስሚዝ፣ ኢአርፒኔክስት በዚህ መንገድ ያለ ተጠቃሚ ክፍያ ይሠራሉ። ነጻ ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ሰርቨሩን የሚጠብቅ፣ የደህንነት ማሻሻያ የሚጭን፣ ሌሊት ሲቆም የሚነሣ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ሰው የሚከፈለው ደመወዝ ግን በአገር ገንዘብ ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ግንቦት 12 ቀን 2024 ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት የባሕር ሥር ኬብሎች ተቆርጠው ከኬንያ እስከ ታንዛኒያ፣ ከኡጋንዳ እስከ ሩዋንዳ ኢንተርኔት ተስተጓጎለ። በትግራይ በጦርነቱ ዘመን፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆይቷል። ሱዳን ውስጥ ከጦርነቱ ወዲህ ኔትወርክ የሚገኝባቸው ቦታዎች ተመናምነዋል። የኢንተርኔት መቆራረጥ በዚህ ቀጠና ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን ከመነሻው በዕቅድ የሚያዝ ነገር ነው።

ብዙዎቹ ታዋቂ ፕላትፎርሞች የተሠሩት ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብለው በሚያስቡ ሰዎች ነው። በባብል የተገነባ የድር መተግበሪያ ግንኙነት ሲቋረጥ ሥራ ያቆማል። በአንጻሩ ኮምኬር፣ ኦዲኬ፣ ኮቦና የኬንያው ማዕቀፍ መጀመሪያ መረጃውን ስልኩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ሰርቨር ይልካሉ። አፕሺትም ከመስመር ውጭ መሥራት ይችላል።

‘ከመስመር ውጭ ይሠራል’ የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን አይበቃም። ሁለት ሠራተኞች ኔትወርክ በሌለበት የአንድን ሰው መዝገብ ቢያስተካክሉ የማን ይጸናል? ስልኩ ቢሰረቅስ ያልተላከው መረጃ ምን ይሆናል? አዲስ መረጃ መሙላት ብቻ ነው የሚቻለው ወይስ የቆየውንም መፈለግ? ለጤና ሠራተኛዋ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ባለፈው ወር የተመረመረችውን ነፍሰ ጡር የደም ግፊት እዚያው ጎጆ ውስጥ ሆና ማየት ካልቻለች መተግበሪያው ከወረቀቱ ያነሰ ነው።

የመውጫው በር

ፌስቡክ በ2013 ፓርስ የተባለ አገልግሎት ገዛ። ፓርስ የስልክ መተግበሪያ ሠሪዎች ሰርቨር ሳይገነቡ መረጃቸውን እንዲያስቀምጡ የሚያስችል ነበር፤ እጅግ ብዙ መተግበሪያዎችም ተደግፈውበት ነበር። በጥር 2016 ኩባንያው አገልግሎቱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ፤ የሰርቨሩንም ኮድ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ባለሙያ የነበራቸው ወጡ።

የጎግል አፕ ሜከር ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። ድርጅቶች የውስጥ መተግበሪያ እንዲሠሩበት የቀረበው ይህ ፕላትፎርም በጥር 2020 እንደሚቆም ተነገረ፤ ጥር 19 ቀን 2021 ተዘጋ። የድርጅቶቹ መረጃ ባለበት ቆየ፤ በላዩ የተገነቡት መተግበሪያዎች ግን በቀጥታ ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወሩበት መንገድ አልነበረም። የሠራው ኩባንያ ከዓለም ታላላቆች አንዱ መሆኑ ዋስትና አልሆነም።

መውጣት ሲባል ሁለት ነገሮች ይለያሉ። አንደኛው መረጃን ይዞ መውጣት ነው፤ ይህን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይፈቅዳሉ። ሁለተኛው መተግበሪያውን ራሱን ይዞ መውጣት ነው። ባብል ይህን አይፈቅድም፤ የተገነባው ሁሉ የሚሠራው በባብል ውስጥ ብቻ ነው። ፍለተርፍሎው በሚከፈልባቸው ደረጃዎቹ ሙሉውን ኮድ አውርዶ መውሰድ ይፈቅዳል። ኮዱን ከወሰዱ በኋላ በእጅ ያሻሻሉትን ግን እንደገና ወደ ፕላትፎርሙ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ መንገዱ በአመዛኙ አንድ አቅጣጫ ነው። ክፍት ምንጭ በሆኑት ላይ ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም፤ አቅራቢው ቢጠፋ እንኳ ያለው ቅጂ መሥራቱን ይቀጥላል።

ባብልን መምረጥ ስህተት ነው ማለት አይደለም። አንድ ሐሳብ ገበያ ይኑረው አይኑረው በሦስት ወር ውስጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስለ መውጫ አብዝቶ ባይጨነቅ ይሻለዋል። የሆስፒታል ካርድ ክፍልን ወይም የብድር መዝገብን በዚያ ላይ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

‘ኃይሉ’፣ ‘ሀይሉ’ እና ‘ሃይሉ’

በንጽጽር ሠንጠረዦች ላይ የማይገኝ፣ በአማርኛና በትግርኛ ለሚሠራ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያጋጥም ችግር አለ። ስሙ ‘ኃይሉ’ ተብሎ የተመዘገበ ታካሚ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ መዝጋቢዋ ‘ሀይሉ’ ብላ ብትፈልገው ኮምፒውተሩ ‘የለም’ ይላል። አዲስ ካርድ ይወጣለታል። በድምፅ አንድ የሆኑት የሀ፣ የሐ እና የኀ፣ የሰ እና የሠ፣ የአ እና የዐ፣ የጸ እና የፀ ፊደላት ለማሽኑ የተለያዩ ናቸው። ጥቂት ሺህ ስሞች ላይ ሲደርስ አንዱ ሰው ሁለትና ሦስት መዝገብ ይኖረዋል። መፍትሔው ስሙ ከተጻፈ በኋላ ፊደላቱን ወደ አንድ ወጥ ቅርጽ ለውጦ በሌላ ስውር አምድ ማስቀመጥና ፍለጋውን በዚያ ላይ ማድረግ ነው። ይህ ለባለሙያ ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ጥቂት መስመር ኮድ ማስገባት በማይፈቅድ ፕላትፎርም ላይ ግን የማይቻል ሊሆን ይችላል። ‘ኮድ አልባ’ እና ‘ጥቂት ኮድ’ የሚለው ልዩነት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው።

የስም ቅጹም የራሱ ጣጣ አለው። አብዛኞቹ ዝግጁ ቅጾች ‘የመጀመሪያ ስም’ እና ‘የቤተሰብ ስም’ ብለው ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሶማሊያ የሚጻፈው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። አንዳንዱ መዝጋቢ ሦስተኛውን ይተወዋል፤ ሌላው ሁለቱን በአንድ ሳጥን ይጨምቃቸዋል። ከዓመት በኋላ መዝገቡን ማስተካከል የማይታሰብ ይሆናል።

የቀን መቁጠሪያው ሌላ ነው። ጳጉሜን የሚያውቅ ዝግጁ የቀን መምረጫ በንግድ ፕላትፎርሞች ላይ ማግኘት ያስቸግራል። ኦዲኬ፣ ኮምኬርና ዲኤችአይኤስ2 ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይደግፋሉ፤ በመስክ የተፈተኑ መሆናቸው የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ነገር ነው። የትኛውም ቢመረጥ ቀኑ በቋቱ ውስጥ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ተቀምጦ ለተጠቃሚው ሲታይ ቢለወጥ ይመረጣል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ የሕፃኑ የክትባት ቀን በስምንት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። በአረብኛ ለሚሠሩ የሱዳንና የጂቡቲ ድርጅቶች ደግሞ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ቁልፎቹና ሠንጠረዦቹ አብረው መዞራቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ክፍያ የሚቀበል መተግበሪያ ከሆነ ደግሞ ዝግጁ ሆነው የሚመጡት ማገናኛዎች በአብዛኛው የስትራይፕና የፔይፓል ናቸው። ስትራይፕ በኢትዮጵያ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። ከቴሌብር፣ ከኤም-ፔሳ ወይም ከቻፓ ጋር ለመገናኘት ፕላትፎርሙ ወደ ውጭ ሥርዓት ጥያቄ መላክ ብቻ ሳይሆን ‘ክፍያው ተፈጽሟል’ የሚለውን መልስ መቀበልም መቻል አለበት።

መረጃው የማን አገር ሰርቨር ላይ ነው?

ኬንያና ኡጋንዳ በ2019፣ ሩዋንዳ በ2021፣ ታንዛኒያ በ2022 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። የሩዋንዳ ሕግ የግል መረጃ ያለ ፈቃድ ከአገር ውጭ እንዳይከማች ይከለክላል። በሌላ በኩል የባብል መደበኛ ደንበኞች መረጃ የሚቀመጠው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በሚገኝ የአማዞን ማዕከል ነው። ጉዳዩ የሕሙማን መረጃ፣ የብድር ታሪክ ወይም የተማሪዎች ውጤት ከሆነ፣ የሕግ ባለሙያ ማማከር ያለበት መተግበሪያው ከመሠራቱ በፊት ነው።

ከሕጉ በላይ ደግሞ የደህንነት ቅንብር አለ። አፕጋርድ የተባለ የደህንነት ኩባንያ በነሐሴ 2021 በማይክሮሶፍት ፓወር አፕስ የተሠሩ ድረ ገጾች 38 ሚሊዮን መዝገቦችን ለማንም ክፍት አድርገው መቆየታቸውን ይፋ አደረገ። ከባለቤቶቹ መካከል የአሜሪካ ግዛቶች የጤና ተቋማትና አሜሪካን ኤርላይንስ ይገኙበታል። ሰብሮ የገባ አልነበረም፤ የሠንጠረዥ ፈቃድ የሚባለው ቅንብር በነባሪው ተዘግቶ ስላልመጣና ሠሪዎቹም ስላልዘጉት ነው። ማይክሮሶፍት ቅንብሩን ከዚያ በኋላ ቀይሮታል። በሌሎቹ ፕላትፎርሞችም ‘ማን የትኛውን መዝገብ ማየት ይችላል’ የሚለው ደንብ በሠሪው እጅ ነው። ገጹ ላይ አለመታየቱ ከቋቱ ተደብቋል ማለት አይደለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሁሉ ያስቀር ይሆን?

ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በተራ ቋንቋ የሚፈልጉትን ገልጾ መተግበሪያውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍ ተለምዷል። ላቨብል፣ ሬፕሊትና ቦልት የታወቁት ናቸው። አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፦ የሚያወጡት እውነተኛ ኮድ ስለሆነ ይዞ መውጣት ይቻላል። በምትኩ ሌላ ጥገኝነት ያመጣሉ፤ በድርጅቱ ውስጥ ማንም አንብቦ የማይረዳው ኮድ ባለቤት መሆን። በሐምሌ 2025 የሬፕሊት ረዳት ምንም ለውጥ እንዳያደርግ ታዝዞ እያለ የአንድ አሜሪካዊ ባለሀብትን በሥራ ላይ ያለ የመረጃ ቋት አጥፍቶ፣ የኩባንያው ኃላፊ ይቅርታ ጠይቀዋል። እነዚህ መሣሪያዎች ናሙና ለማሳየት ድንቅ ናቸው። የሰው ገንዘብ ወይም ጤና የሚመዘገብበት ሥራ ግን ኮዱን የሚያነብ ባለሙያ ሳይኖር ለእነርሱ ባይተው ይሻላል።

ከመወሰን በፊት

ውሳኔው በማስታወቂያ ቪዲዮ ሳይሆን በሁለት ሳምንት ሙከራ ቢሆን ይመረጣል። ለምርጫ በቀሩት ሁለት ፕላትፎርሞች የመተግበሪያውን አስቸጋሪ አንድ ክፍል ብቻ መሥራት ይበቃል፤ የመግቢያ ገጹን ማሳመር ጊዜ ማባከን ነው። 50 ሺህ የውሸት መዝገብ ማስገባትና ድምሩን በሌላ መንገድ ማመሳከር፤ ሠራተኞች በእርግጥ በሚይዙት ርካሽ አንድሮይድ ስልክ መክፈት፤ ስልኩን ከኔትወርክ አጥፍቶ ግማሽ ቀን መሥራት፤ መረጃውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በሌላ ፕሮግራም መክፈት፤ የወሩን ክፍያ በአሁኑ ሳይሆን በአሥር እጥፍ ተጠቃሚ ማስላት። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ በሦስተኛው ቀን ይወድቃል።

ሙከራው ሲያልቅ የአካውንቱ ባለቤትነት ይቀራል። በአዲስ አበባ፣ በሐርጌሳም ሆነ በካርቱም ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ክፍያው በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካርድ፣ አካውንቱም በሠሪው ወጣት የግል ኢሜይል መከፈቱ የተለመደ ነው። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ፣ ወይም ወጣቱ ሌላ ሥራ ሲያገኝ፣ የድርጅቱ መዝገብ በማይደረስበት አካውንት ውስጥ ይቀራል። አካውንቱ ከመጀመሪያው በድርጅቱ ኢሜይል ቢከፈት፣ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሙሉ ሥልጣን ቢኖራቸውና ክፍያው በዓመት ቢፈጸም አብዛኛው ችግር ይቃለላል። መተግበሪያው የሚወርድበት የጎግል ፕሌይ የገንቢ አካውንትም እንዲሁ ነው፤ ለመክፈት የሚጠይቀው አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ብቻ ነው። መተግበሪያን ከአንድ አካውንት ወደ ሌላ ማዛወር ይቻላል፤ ጥያቄውን ማቅረብ የሚችለው ግን የመጀመሪያው አካውንት ባለቤት ነው።